ሚድል ስኩል ውስጥ የቴክኖሎጂና የሙያ ክለብ ልጀምር ነው፣ ከየት ልነሳ?

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሚድል ስኩል ውስጥ ቴክኖሎጂ አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ የኛ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ከደወል በኋላ ግን ምንም የሚሠሩት ነገር የለም፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ባስ ይጠብቃሉ። ሃይስኩሎቹ ጋ በስቴትና በአገር ደረጃ የሚወዳደሩ የሙያ ክለቦች እንዳሉ አይቼ እኛም ጋ ልጀምር ብዬ ለፕሪንሲፓሏ ነገርኳት፣ «እቅድሽን ጽፈሽ አምጪ» አለችኝ። አንድ ባልደረባዬ ግን «እነዚህ ገና ሕፃናት ናቸው፣ ትደክሚያለሽ» ይለኛል። አንዲት የሐበሻ እናት ደሞ «የኔ ልጅ ዶክተር ነው የሚሆነው፣ ቴክኒክ ምን ያደርግለታል» ብላ ፎርሙን ሳትፈርም መለሰችልኝ፣ እሱ በጣም ነው የከፋኝ። የትኛውን ድርጅት ልምረጥ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ወላጆቹንስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ ጀምሪው። እኔ ሜሪላንድ ሚድል ስኩል ውስጥ ይሄንኑ ዓይነት ክለብ ለዓመታት ይዤ ስለነበር የምነግርሽ እዛ ያየሁትን ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ትንሽ አድርገሽ ጀምሪው፣ ልጆቹ ራሳቸው ሊመሩት እስኪችሉ ድረስ ትንሽ። አርባ ልጅ መዝግቦ፣ አምስት ስድስት ውድድር መርጦ፣ ቲሸርት አሳትሞ የሚጀምር አስተማሪ የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ወድቆ ያገኘዋል፣ ልጆቹም ቁጭ ብለው የሚያዩ ይሆናሉ፣ ከዛ በሚቀጥለው ዓመት ክለብ የሚባል ነገር የለም። አስር ወይ አስራ ሁለት ልጅ፣ በእጃቸው የሚሠሩት አንድ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት ውድድር። ለመጀመሪያ ዓመት እሱ ይበቃሻል።

ባልደረባሽ ያለውን በደግ ልብ እንዳለው ይገባኛል ግን ልክ አይደለም። ድርጅቶቹ ራሳቸው ለዚህ ዕድሜ ብለው ቦታ አዘጋጅተዋል። ቲኤስኤ ማለትም የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ማኅበር የሚድል ስኩል ውድድሮቹን ከሃይስኩል ለይቶ ነው የሚያካሂደው፣ የምግብ ሥራና የስፌት ዓይነቱን ሙያ የሚይዘው ኤፍሲሲኤልኤ ጋ ደሞ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ሌቭል 1 ተብለው ከእኩዮቻቸው ጋር ነው የሚወዳደሩት። የፌደራሉ የሙያ ትምህርት ሕግ፣ ፐርኪንስ የሚባለው፣ በ2018 ሲታደስ ድሮ ከ7ኛ ክፍል በታች መውረድ የማይችለውን ገንዘብ እስከ 5ኛ ክፍል እንዲወርድ ፈቅዷል፣ ይሄንን እቅድሽ ላይ ጻፊው፣ ፕሪንሲፓሎች እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እና ደሞ የ12 ዓመት ልጅ ሙያውን አሁኑኑ ይምረጥ ያለ ማንም የለም እኮ። ይሞክር፣ ይበላሽበት፣ እንደገና ይሥራ፣ ይሄ ዕድሜ ለሱ የተፈጠረ ነው፣ ሃይስኩል ሲገቡ ግሬድና ጂፒኤ መጥቶ ልጁ መሳሳት ይፈራል፣ 6ኛ ክፍል ግን ገና አይፈራም።

የትኛው ድርጅት ላልሽው ብዙ አታስቢበት፣ የምታስተምሪውን ተከተይ። ቴክኖሎጂና ኢንጂነሪንግ ከሆነ ቲኤስኤ፣ ቢዝነስና ኮምፒውተር ከሆነ ኤፍቢኤልኤ፣ ምግብ ሥራ ስፌትና የልጆች እንክብካቤ ከሆነ ኤፍሲሲኤልኤ፣ ጤና ከሆነ ሆሳ፣ እርሻ ከሆነ ኤፍኤፍኤ፣ ከዛ ውጪ ስኪልስ ዩኤስኤም ሚድል ስኩል ይቀበላል። ምክንያቱም እነዚህ ክለቦች እንደ ቼዝ ክለብ ከትምህርቱ ውጪ የሚንሳፈፉ አይደሉም፣ ክፍል ውስጥ ከሚማሩት ጋር እንዲያያዙ ሆነው ነው የተሠሩት፣ ኤፍኤፍኤ ለምሳሌ የእርሻ ትምህርት የሌለው ትምህርት ቤት ቻፕተር፣ ማለትም የድርጅቱን ቅርንጫፍ ክለብ፣ መክፈት አይችልም። ስለዚህ አንቺ ቴክኖሎጂ ካስተማርሽ ቲኤስኤ ነው የሚስማማሽ፣ መሣሪያውም ክፍሉም እጅሽ ላይ አለ። ጓደኛሽ ሌላ ስላላት ብለሽ የማታስተምሪውን አትጀምሪ፣ እሱ ሁለት ሥራ ይሆንብሻል።

አሁን ወደ እናትየዋ ልምጣ፣ የደብዳቤሽ ዋናው እሱ ነው መሰለኝ።

እባክሽ አትፍረጂባት። እኛ ባደግንበት አገር የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ውጤት ሲመጣ ፕሪፓራቶሪ የገባ አንድ ወገን፣ ያልገባው ደሞ ቴክኒክና ሙያ፣ 10+1 10+2 ምናምን እየተባለ ሌላ ወገን ነበር። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ደረሰው?» ብሎ ሲጠይቅ ቴክኒክና ሙያ የደረሰው ልጅ እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትመልሰው፣ ልጁም ቤት ውስጥ እንደ ወደቀ ነበር የሚታየው። እቺ እናት ያንን አይታ ነው የመጣችው፣ ምናልባት ራሷ ላይ ደርሶ ይሆናል፣ አንቺ ፎርም ስትልኪላት እሷ ያነበበችው «ልጅሽ ለትልቁ ትምህርት አይበቃም» የሚል ነው። በአንቺ ላይ ምንም የላትም።

ሁሌም እንደዛ እንዳልነበረ ግን ትልልቆቹን ጠይቂያቸው ያውቃሉ። ተግባረ ዕድ ተምሬያለሁ የሚል ሰው በሰፈሩ ኮርቶ ነበር የሚሄደው፣ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ትብብር ሲቋቋም ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ እንጨት ሥራ ነበር የሚያስተምረው፣ እዛ መግባት ደሞ የሚያኮራ ነገር ነበር። አባቶቻችን ለእጅ ሙያ ክብር ነበራቸው፣ ክብሩን ያጠፋው ከወደቀ ልጅ ጋር ማያያዙ ነው። ይሄንን ለወላጆች ስትነግሪያቸው ፊታቸው ሲፈታ ታዪያለሽ፣ በተለይ አባቶቹ፣ አንዱ ተነስቶ «አጎቴ እኮ እዛ ነው የተማረው» ይልሻል።

ክርክር ግን አትግጠሚ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ከትተሽም አትላኪ፣ አይነበብም፣ ወይ ልጁ ራሱ ነው የሚተረጉመው የፈለገውን አድርጎ። ደውዪላት። አምስት ደቂቃ በአማርኛ አውሪያት፣ መጀመሪያ ስለ ልጇ አንድ ያየሽውን ጥሩ ነገር ንገሪያት፣ የእውነት ያየሽውን፣ ከዛ እንዲህ በያት፣ «ልጅሽ እዚህ ክለብ ውስጥ የሠራውን ነገር ይዞ የማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ለምን እንደዚህ እንደሠራው ያስረዳል፣ ዶክተርም ቢሆን ኢንጂነርም ቢሆን ይሄ ይፈለግበታል።» እውነት ነው፣ የማስታወቂያ ወሬ አይደለም፣ ብዙዎቹ ውድድሮች ላይ ልጆቹ ዳኛ ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ። ሆሳ የሚባለው ደሞ ለጤና ሙያ የተቋቋመ ተመሳሳይ ክለብ መሆኑን፣ ሃይስኩል ሲደርስ እሱን መቀላቀል እንደሚችል ንገሪያት። ትምህርት ቤትሽ የወላጅ አስተርጓሚ ካለው ለአማርኛ ብቻ አትጠቀሚበት፣ የስፓኒሽና የአረብኛ ተናጋሪ ወላጆችንም በዛው ጥሪ፣ ክለቡ የሐበሻ ክለብ መምሰል የለበትም፣ ፕሪንሲፓሏም አትወደውም ልጆቹንም አይጠቅምም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳምናቸው ግን በዓይናቸው ማየታቸው ነው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ፣ ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ድምጿ የማይሰማ። ድራግስተር ነበር የምንሠራው፣ ከአንድ እንጨት ተፈልፍላ የምትወጣ ትንሽ መኪና ናት፣ ኋላዋ ላይ 8 ግራም ካርቦንዳይኦክሳይድ የያዘች ትንሽዬ ካርትሪጅ ይገባባትና ያ ሲበሳ ጋዙ እየገፋት በተወጠረ ገመድ ላይ 20 ሜትር ትተኮሳለች፣ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ደንቡ ርዝመቷን፣ ክብደቷን፣ ጎማዎቿን የሚይዘውን ዘንግ ቀዳዳ ቦታ ሳይቀር ይወስናል፣ ከልኩ ከወጣሽ ፈጣን ብትሆኚም ትወድቂያለሽ። ይቺን ልጅ ካሊፐር፣ ያ ውፍረትና ርቀት በትክክል የሚለካውን መሣሪያ፣ ሰጥቼ የሌሎቹን መኪና የምትለካ አደረግኳት። አንድ የ8ኛ ክፍል ጎረምሳ ቀዳዳው ትንሽ ዝቅ ብሎበት «ምንም አይደለም እለፊው» ሲላት ካሊፐሩን ፊቱ ላይ አሳየችውና «ኖ። ሩል።» አለችው። በሁለት ቃል። ልጁ ሄዶ ከአዲስ እንጨት ጀመረ። የውድድሩ ማታ አባቷ ከፓርኪንግ ሥራው ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ መጥቶ ልጁ ጠረጴዛው ኋላ ቆማ ሲለኩ፣ ሲጠይቋት፣ ስትመልስ እያየ ቆሞ ነበር፣ ቁጭ በል ብለው እንኳ አልሰማኝም። በነጋታው የታናሽ ወንድሟን ፎርም ይዞ መጣ፣ ልጁ ገና 5ኛ ክፍል ነበር።

ስለዚህ ወላጅ ስብሰባ ብለሽ አትጥሪ፣ ስብሰባ ማን ይወዳል ከሁለት ፈረቃ በኋላ፣ ልጆቹ የሠሩትን የሚያሳዩበት ማታ አድርጊና በዛ ጥሪያቸው፣ የመጀመሪያውን ደሞ እስከ የፈረንጆቹ ገና እረፍት አታቆዪው፣ በጥቅምት በኅዳር አድርጊው።

ልጆቹ ይምሩት ያልኩሽ እንዴት መሰለሽ። ድርጅቶቹ ሁሉ ኦፊሰር አላቸው፣ ፕሬዚዳንት፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዜና የሚጽፍ። የኛ ልጆች ይሄንን ሲሰሙ ቶሎ ነው የሚገባቸው፣ ቤታቸው የዕድር ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ እያዩ ነው ያደጉት፣ ለወላጆቹም እንደዛው ብለሽ አስረጃቸው። ምርጫውን ልጆቹ በድምፅ ያድርጉት ግን ከምርጫው በፊት የየሥራው ዝርዝር ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ሁሌም በጣም የሚጮኸው ልጅ ነው የሚመረጠው። ስብሰባውን ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛውን በትንሽ መዶሻ መትቶ ይክፈት፣ ሐሳብ ይቅረብ፣ ሌላው ይደግፍ፣ ድምፅ ይሰጥ፣ አንቺ ኋላ ቁጭ በይ። መጀመሪያ ሦስት አራት ሳምንት ይዘባረቃል፣ ዝም ማለት ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን አፍሽን ያዥ። የሚጎዳ ነገር ካልሆነ በቀር ይሳሳቱ።

የሚጎዳ ነገር ስል፣ መሣሪያ ላይ ግን ምንም ድርድር የለም። መነጽር ሳያደርግ ማንም አይነካም፣ የደህንነት ፈተና ያላለፈ ልጅ መጋዝም ድሪልም አይዝም፣ የኤሌክትሪኩን መቁረጫ ደሞ ለ6ኛ ክፍል ጨርሶ አትስጪ፣ የእጅ መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት ይበቃቸዋል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ። ሁለተኛ ትልቅ ሰውም ፈልጊ፣ ብቻሽን ከልጆች ጋር ማምሸት ለአንቺም ለልጆቹም ጥሩ አይደለም፣ በፈቃደኝነት የሚመጣ ወላጅ ካለ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን የጀርባ ምርመራ አስቀድሞ ይጨርስ።

ገንዘብ። የቻፕተሩ ክፍያ ለስቴቱም ለብሔራዊውም አለ፣ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከራሳቸው ዌብሳይት አሁን ያለውን እይ። መጀመሪያ የዲስትሪክትሽን የሲቲኢ፣ ማለትም የሙያና የቴክኒክ ትምህርት፣ ኮኦርዲኔተር ፈልጊ፣ ፕሪንሲፓሏን ከማግኘትሽ በፊት ብትደውዪ ይሻላል፣ የፐርኪንስ ገንዘብ ካለ እሱ ጋ ነው የሚያልፈው፣ ለምን ለምን እንደሚፈቀድም እሱ ነው የሚያውቀው፣ መሣሪያና ለውድድር ዝግጅት ሊሆን የሚችለው ለልጆቹ የግል ዕቃ አይሆንም። «ጀምሪ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ እኛ እንችላለን» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፣ ግን ማንም ሳትጠይቂው አይነግርሽም።

የወላጆችን ገንዘብ ደሞ በፍጹም በራስሽ ዜል ወይ ካሽ አፕ አትቀበዪ። እኛ ሐበሾች በመተማመን ስለምንሠራ ቀላል ይመስለናል፣ እናቶቹም «አንቺው ያዥልን» ይሉሻል፣ ግን አንድ ሃያ ዶላር ቢጠፋ ስምሽ ነው የሚጠፋው። የትምህርት ቤቱ ቡክኪፐር፣ ሒሳብ ያዡ፣ ጋ ሂጂ፣ ለክለቡ የተማሪዎች አክቲቪቲ አካውንት ይከፈትለት፣ የገባውም የወጣውም በደረሰኝ። ገንዘብ ያዧ ተማሪም ደብተር ይኑራት፣ በየወሩ ለክለቡ ታንብብ።

ሳምቡሳ እንሽጥ ማለታቸው አይቀርም። ጥሩ ነው ግን ሰዓቱን አስተውዪ፣ ከ2014 ጀምሮ ስማርት ስናክስ የሚባለው የፌደራል ደንብ በትምህርት ቀን ለተማሪ የሚሸጥ ምግብ ላይ የስብ የስኳርና የጨው ገደብ አስቀምጧል፣ የትምህርት ቀን ማለት ደሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደወል 30 ደቂቃ በኋላ ድረስ ነው። ከዛ በኋላ ወይ ማታ በወላጆች ፕሮግራም ላይ ከሆነ ያ ገደብ የለም፣ ቤት የተሠራ ምግብ ላይ ግን ትምህርት ቤቱ የራሱ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቂ፣ አለርጂ የሚባል ነገር አለ። ለእንጨትና ለካርትሪጅ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከሆነ የምትፈልጊው ደሞ የሐበሻ ሱቅና ጋራዥ ያላቸውን አናግሪ፣ የጋራዥ ባለቤት መኪና የሚሠሩ ልጆች ነው ስትዪው ደስ ብሎት ነው የሚሰጥሽ፣ መጥቶም ያሳያቸዋል።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር መጓጓዣውና ጾሙ ነው። ብዙ የኛ ልጆች ከክለብ የሚቀሩት ስለማይፈልጉ አይደለም፣ የሚያመጣቸው ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ ወይ ታናናሾቻቸውን ከኤለመንተሪ የሚቀበሉት እነሱ ስለሆኑ ነው። አክቲቪቲ ባስ፣ ከክለብ በኋላ ልጆቹን ወደ ቤት የሚያደርሰው፣ የሚሄድበትን ቀን አጣሪና ስብሰባሽን በዛ ቀን ብቻ አድርጊ፣ ሌላ ቀን ላይ ካደረግሽ መኪና ያላቸው ልጆች ክለብ ይሆንብሻል። የውድድር ወቅት ደሞ አብዛኛው በፈረንጆቹ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፣ ያ ለኛ ሁዳዴ ነው፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ውድድር ላይ ውሎ ምሳው ቺዝ ፒዛ ብቻ ከሆነ የሚጾመው ልጅ ተርቦ ይውላል፣ ደሞ አፍሮ አይናገርም። ረመዳንም ባንዳንድ ዓመት እዛው ላይ ይገጥማል። ምዝገባው ላይ ስለ ምግብ አንድ መስመር ጨምሪ፣ በቃ። እሁድ ግን ተዪው፣ ቤተክርስቲያን አለ፣ የአማርኛ ትምህርት አለ፣ ወላጅ እሁድን ከነካሽበት ይቀየምሻል።

ለፕሪንሲፓሏ የምትወስጂው አንድ ገጽ ይበቃል፣ እንደዛ ያለ ወረቀት ነው የሚነበበው። ምን እንደሚሠሩ፣ ስንት ልጅ፣ በየትኛው ቀን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት ክፍል፣ ሁለተኛው አዋቂ ማን ነው፣ ገንዘቡ በየት አካውንት ይገባል፣ የሲቲኢ ኮኦርዲኔተሩ ምን አለ። ከታች ከክፍልሽ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር። የአገር አቀፍ ውድድር በየክረምቱ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ስቴት ስለሚሆን የሆቴልና የአውሮፕላን ወጪ አለው፣ እሱን ለመጀመሪያ ዓመት አትጻፊው፣ ለልጆቹም ቃል አትግቢ፣ የስቴቱን ውድድር ካዩ በኋላ ራሳቸው ይጠይቁሻል።

እና ደሞ እዛው ወረቀት ላይ ስለ ክፍያሽ ጠይቂ። ብዙ ዲስትሪክት ከሰዓት ውጪ ክለብ ለሚይዝ አስተማሪ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ትንሽ ቢሆንም አለ፣ አዲስ ክለብ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ አይከፈለውም፣ ለማስገባት ደሞ ቀነ ገደብ ስለሚኖረው ዓመቱ ሳይጀምር ነው መጠየቅ ያለብሽ። ይሉኝታ ይዞሽ እንዳትተዪው እህቴ። በነፃ የጀመርሽው ሥራ በሚቀጥለውም ዓመት በነፃ ነው የሚጠበቅብሽ፣ አንቺ ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ብትሄጂ ደሞ የሚተካሽ ሰው ክፍያ ከሌለው ክለቡን አይይዘውም፣ ልጆቹም መሃል ላይ ይቀራሉ። ኮኦርዲኔተሩ ስልክ ካላነሳ የስቴቱን የቲኤስኤ አድቫይዘር በኢሜይል አግኚ፣ አዲስ ቻፕተር ለሚከፍት አስተማሪ ጊዜ ይሰጣሉ፣ አጠገብሽ ያለ ሚድል ስኩል ቻፕተር ካለም ያገናኙሻል፣ አንድ ከሰዓት ሄደሽ ስብሰባቸውን ብታዪ ከዚህ ሁሉ ከጻፍኩልሽ የበለጠ ትማሪያለሽ።